ሞተር የጠፋበት ደቂቃ

እናት ትራሱን ያስተዋለችው እራት ተበልቶ ሳህን ከተነሳ በኋላ ነው። ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ሰማያዊ፣ ጥጉ የተበላ፣ ሁለቴ የተጣፈ። የሰፋችው እሷው ናት። የአውቶቡሱ መቀመጫ ለልጇ ቁመት ዝቅ ስለሚል፣ ልጅቱ በሾፌርነት በተቀጠረች ሳምንት ስፖንጅ ሞልታ ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ትራሱ ከአውቶቡሱ ወርዶ አያውቅም። "እሱም እንደኔ ተቀጥሯል፣ ቤት ምን ይሠራል?" እያለች ልጅቱ ትቀልድበት ነበር።

ዛሬ ግን ቤት መጥቷል። ልጅቱ በብብቷ ይዛው ስትገባ እናት በሩን የከፈተችላት ራሷ ናት፤ "ደህና ገባሽ?" ብላ ፊቷን፣ እጇን፣ ጫማዋን ሳይቀር መርምራለች። ትራሱን ግን አላየችም። ስልክ ሲጮህ ሞት፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ የሚታያት ሴት፣ ክፉው ነገር እውነት የመጣ ቀን አጠገቧ አስቀምጣው እራት በላች።

"ቁልፉን አስረከብሽ?" አለች።

"አዎ፣ እማዬ።"

ይህ ቤተሰብ በሰፈሩ ሁለት ትውልድ ኖሯል። መልካቸው ግን ከሌላው ሰው ይጠቁራል፤ ከድንበር ወዲያ የመጡት አያት ናቸው። ለእነሱ ዓይነት ሰዎች የወጣ አንድ ስድብ አለ። አጭር ነው፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን እንኳ ቶሎ ይይዘዋል። በእነሱ ቤት ማንም ጠርቶት አያውቅም፤ "ያ ቃል" ነው የሚባለው። እናት ለልጇ ከፊደል አስቀድማ ያስተማረቻት ያ ቃል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ነው፦ "አልሰማሁም በይ። ጎንበስ በይና የጫማሽን ማሰሪያ እሰሪ። ተሳዳቢው ሲደክመው ይተዋል።" ልጅቱ ማሰሪያ የሌለው ጫማ አድርጋም ጎንበስ ስትል አድጋለች።

ከወር በፊት አንድ ተሳፋሪ ያንን ቃል በሾፌሯ ወንበር ጀርባ ላይ በሚስማር ጭሮ ጻፈው። ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታው ነዳች። የተሳፈረው ሁሉ ሲያነበው እሷ ብቻ አላየችውም። ማታ ጋራዥ ገብታ ስትጠርግ ነው ያገኘችው። በማግስቱ ቁልፉን ይዛ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም። ወንበሩን በዕለቱ አስለወጡ፤ እሷንም ለመኗት። "አንድ ወር ታገሺኝ። በከተማው ያለውን አውቶቡስ ሁሉ አቆማለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሞተር ይጠፋል፣ ሾፌርም ተሳፋሪም አረንጓዴ ሪባን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ደቂቃ ዝም ይላል። ሰው ሲያፍር ታያለሽ።"

ልጅቱ ቁልፉን ኪሷ መልሳ ቤት መጣችና፣ "ከዚያች ደቂቃ በኋላ አንድ ጊዜ ከሰማሁት ግን አበቃ" አለች። እናትም ልጇን ታውቃታለችና ይህ ዛቻ እንዳልሆነ ገባት።

ሪባኑን የሰፋችው እናት ናት። ለልጇ መስመር ብቻ ሦስት መቶ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ቤቱ አረንጓዴ ብጥስጣሽ ለበሰ፤ ጨው ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ተገኘ። ሪባን አፍ ይዘጋል ብላ አላመነችም። ጃንጥላ ዝናብን እንደማያስቀረው ታውቃለች፤ ሰው ግን ጃንጥላ ይይዛል። እያንዳንዱን ስትቆርጥ "እባክህ" ትል ነበር፤ ሪባኑን ይሁን ፈጣሪዋን፣ ለራሷም አልለየላትም።

አንዱን ለግድግዳ ጎረቤቷ በገዛ እጇ ደረቷ ላይ አደረገችላት። ይህችን ሴት ሰፈሩ "ሬዲዮ" ነው የሚላት፤ ከተከፈተች መዝጊያዋ አይገኝም። ሃያ ዓመት በአንድ ግድግዳ ተካፍለው ኖረዋል፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ "ይማርሽ" ትላለች። "እኔማ ከነፒጃማዬም አደርገዋለሁ!" ብላ ስቃ፣ የእናትን መቀስ ተውሳ ሄደች።

ቀኑ ደረሰ። ክፉ ነገር ከመጣ ሳላየው አይመጣም ብላ እናት በልጇ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ የመጨረሻው ወንበር፣ ጥግ ላይ። መንገድ ላይ አውቶቡሱ ጢም አለ። ሬዲዮም ገበያው ጋ ተሳፈረች፣ መሃል ላይ ብረቱን ይዛ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታ ስለነበር እናትን አላየቻትም።

አሁን ስለ አውቶቡሱ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ያረጀ ነው፣ ባትሪው ደክሟል። መካኒኩ ልጅቱን "ይቺን ሜዳ ላይ ካጠፋሻት፣ ሠርግ ብትጠሪላት አትነሳም" ብሏታል። ስለዚህ ልጅቱ ሞተር ማጥፋት ካለባት ቁልቁለት ፈልጋ፣ የአውቶቡሷን አፍንጫ ወደ ታች አድርጋ ነው የምታጠፋው፤ ለማስነሳት ፍሬን ለቅቃ በራሷ ክብደት ታንከባልላታለች። ስድስት ሰዓት የሞላው ግን ለጥ ባለው የገበያ መንገድ ላይ ነው።

ቲኬት ቆራጩ ጠጋ አለና "ሞተሩን ተዪው እቴ፣ ማን ያውቃል?" አላት።

"እኔ አውቃለሁ" አለችው። "ለእኔ በተባለ ቀን የእኔ ብቻ ሲያጉረመርም ይሰማ?"

አጠፋችው።

እናት ያንን ደቂቃ እስክትሞት አትረሳውም። ከፊትም ከኋላም ያሉት አውቶቡሶች ጸጥ አሉ። ስድሳ ሰው ሙሉ ሪባኑን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዲት ሕፃን ልትናገር ስትል እናቷ ከንፈሯ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ልጅቱ ፊት ለፊቷ ባለው መስታወት ወደ ኋላ ስታይ፣ ሰው ሁሉ ወደ እሷ እያየ ነበር፤ ያለ ፌዝ። እናት "ምናልባት" አለች በልቧ። በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ይህን ቃል እንዳለች ትቆጥረዋለች።

ደቂቃው አለቀ። ሌሎቹ አውቶቡሶች ተነሱ። ልጅቱ ቁልፉን አዞረች። ክርክርክር አለና ዝም። እንደገና አዞረች። ዝም።

ከኋላ መኪና ጥሩምባ ይነፋ ጀመር። ሙቀቱ ጨመረ። "ሹፌር፣ ምንድን ነው?" "ዝምታው ለአንድ ደቂቃ ነው የተባልነው፣ ለዓመት ነው እንዴ?" አለ አንዱ፣ ተሳቀ። አምስት ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ያን ጊዜ መሃል ላይ ብረቱን የያዘች ሴት፣ አረንጓዴ ሪባን ደረቷ ላይ ያደረገች፣ ጮክ ብላ "ለነዚህ ..." አለችና ያንን ቃል ጨመረችበት፤ "... ሲባል እኛ በፀሐይ እንቀቀል?"

ሬዲዮ ናት።

ሁለት ሰው ሳቀ። ሽማግሌው "ኧረ ነውር ነው!" አሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው ያሉት። እናት ጎንበስ አለች። ማሰሪያ የሌለውን ጫማዋን ስትነካካ ቆየች። ቀና ስትል፣ በመስታወቱ ውስጥ የልጇ ዓይኖች እሷ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ሰው ወርዶ ገፋ። ሽማግሌው ገፉ፣ የሳቁትም ገፉ። ሬዲዮም ጫማዋን አውልቃ "በሉ በርቱ!" እያለች ገፋች። አውቶቡሱ አርባ እርምጃ ያህል ሄዶ ተነሳ፤ ሁሉም አጨበጨበ።

"እዚያው ነበር መተው የፈለግኩት" አለች ልጅቱ አሁን፣ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ። "ግን ሰዎቹን ማድረስ ነበረብኝ።"

"ኃላፊው ምን አሉሽ?"

"'ቀኑ እኮ በጣም አምሮ ነበር' አሉኝ። ሪባኑን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ። ልክ ናቸው፣ አምሮ ነበር። ያቺ ደቂቃ ባትኖር እንደ ሌላው ቀን አልፈው ነበር። አመንኩ እኮ፣ እማዬ። ይሄ ነው የከፋኝ።" ቀና ብላ እናቷን አየቻት። "በመስታወት አየሁሽ ደግሞ።"

እናት ልትመልስ አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች! ተኛችሁ እንዴ?" ሬዲዮ መቀሱን ይዛ ብቅ አለች። ሪባኑ እንዳለ ነው። "እንኩ መቀሳችሁን። ዛሬማ ክንዴ ተገንጥሎልሻል እህቴ፣ ያንን ጎታታ ሬሳ ስንገፋ! ግን በልጅሽ ኮርቼ ነው የዋልኩት። የኔ አንበሳ!"

እናት መቀሱን ተቀበለች። እጇን ግን አልመለሰችም፤ መዳፏን እንደ ዘረጋች ቀረች።

"ሪባኑን ስጪኝ።"

"ምነው፣ ልታጥቢው ነው?"

"አይደለም። ስጪኝ።"

"ምን ነካሽ?"

"የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ።"

የሬዲዮ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። "እንዴ ... በንዴት እኮ ነው! መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋብኝ ነበር። ከአፌ እንጂ ከልቤ አይደለም። እናንተን እኮ እንደዚያ አድርጌ አይቼ አላውቅም፣ አምላኬን!"

"እንደዚያ ማለት እንደ ምን?"

ሬዲዮ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። የመርፌ ቁልፉን ስትፈታ ጣቷን ወጋት። ሪባኑን እናት መዳፍ ላይ አኖረችና "ጨርቅ ነው እኮ" አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

"አዎ፣ ጨርቅ ነው" አለች እናት። "የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ።"

ሬዲዮ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከግድግዳው ወዲያ ስታስነጥስ ተሰማ። "ይማርሽ" ያለ የለም። እናት እንደ ልማዷ ቃሉን ልታወጣ ቀርባ ነበር፤ ዋጠችው።

"ዘገየሽ፣ እማዬ" አለች ልጅቱ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"አውቃለሁ።" እናት ሪባኑን ትራሱ ላይ አስቀመጠችው፣ መልሳ አነሳችው። የት እንደሚቀመጥ ጠፋት። "ጠዋት ሄጄ ኃላፊውን ልለምናቸው?"

"አይሆንም።"

ልጅቱ ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። የበሩ መቀርቀሪያ ሦስት ዓመት አልተዘጋም። ልጅቱ ለመጀመሪያው ጉዞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ስለምትወጣ፣ ሲከፈት የሚያሰማው ሲጥታ እናትን እንዳያባንን፣ በቁልፍ ብቻ ከውጭ ዘግታ ትሄድ ነበር። እናትም ከእንቅልፏ ከባነነች እስኪነጋ ክፉ ክፉውን ስታስብ እንደምታድር ሁለቱም ያውቃሉ።

"ተዪው" አለች እናት። "ምናልባት ጠዋት ሐሳብሽን ብትለውጪ ..."

"ዛሬ ይዘጋ።"

መቀርቀሪያውን ገፋችው። ዝጓል፣ በሩም በነዚያ ዓመታት ዘምሟል፤ ብረቱ ከቀዳዳው አልገጥም አለ። ደግማ ገፋች። እናት ቆማ አየቻት። ከዚያ መጣችና ትከሻዋን ከበሩ መያዣ ሥር አድርጋ፣ ወገቧ እያቃሰተ፣ ወደ ላይ ገፋችው።

"ትንሽ" አለች ልጅቱ። "ትንሽ ጨምሪ።"

ብረቱ ሲጥ ብሎ ገባ።