ባሕር ዛፍ ያልጎዳው ገብስ

እዚህ ቤት አንድ ነገር ከተበላሸ ጣት የሚቀሰረው እኔ ላይ ነው። ድመት ወተት ብትደፋ ባዩሽ፤ የሬዲዮኑ ድምፅ ቢጠፋ ባዩሽ። ፊደል አልቆጠርኩማ! አሁን ደግሞ ገብስ በመብቀሉ ተከሰስኩ።

የልጅ ልጄ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ሳይንስ ነው የምትማረው። ወጣቱ መምህሯ ቶለሳ፣ “መልሱ መጽሐፍ ላይ ያለ ሙከራ እየደገማችሁ አትመረቁም። እኔም መልሱን የማላውቀው ጥያቄ ከየሰፈራችሁ ይዛችሁ ኑ” አላቸው። አለቃው ግን “ተማሪ ገና ምኑን አውቆ ነው የሚመራመረው?” ብሎ አኩርፏል። ሰኞ የረባ ነገር ካላሳዩት ነገሩ ሊቀር ነው።

ሰናይት እኛ ጉለሌዎች ሁሌ የምናየውን ጠየቀች፤ ባሕር ዛፍ ሥር እህል የማይበቅለው በቅጠሉ ምክንያት ይሆን? ጓሮ ውስጥ በጣሳ ገብስ ዘራች። ግማሹን ንጹሕ ውሃ፣ ግማሹን ቅጠሉ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ታጠጣለች። እኔ ዶሮ እንዳይጭረው በርጩማዬን አውጥቼ እጠብቃለሁ። ቀበሌ ለእሑድ ጽዳት ዘመቻ ሲጠራኝ እንኳ “እኔም ጥበቃ ላይ ነኝ” ብዬ ቀረሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስናየው የሁሉም ጣሳ ቡቃያ እኩል ለምልሟል።

“እማማ፣ አዝነውለት ንጹሕ ውሃ አጠጡት፣ አይደል?”

“እኔ? ለገብስ?”

“እውነቱን ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።”

“አትቆጪም? አንቺ እኔን? ያንቺን ለቅሶ ችዬ ያሳደግኩ ሴት ለገብስ ልዘን?”

ቁጭ ብላ አለቀሰች። “በቃ፣ የቅጠሉን ውሃ የጠጣው ቀጨጨ ብዬ እጽፋለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው እሱን ነው።”

ደሜ ፈላ። “ዓይኔ እያየ? ሞክሪያትና!”

ሰኞ ሁለት ጣሳ እሷ፣ ሁለት ጣሳ እኔ በነጠላዬ አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርን። መምህሩ ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

“አልነካሁትም” አልኩት ገና ሳልቀመጥ።

“አምንዎታለሁ፣ እናቴ።”

ያለ ምስክር ያመነኝ የተማረ ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። ወደ ሰናይት ዞረ። “ቅጠሉን ከየት አመጣሽው?”

“ከጓሯችን፤ እማማ ለማገዶ ከከመሩት።”

“መቼ የተከመረ ነው?”

“ከበልግ በፊት…” አለችና አፏን ያዘች። “ዝናቡ! ዝናቡ አጥቦት ይሆን?”

“ይሆን?”

“መልሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ!”

“አላውቅም” አለ፣ ደስ ብሎት። አላውቅም ሲል እንዲህ ደስ የሚለው አስተማሪ አይቼ አላውቅም። “ለአለቃዬ የማሳየው ይሄንን ነው። ጣሳዎቹን እዚህ ተዪልኝ።”

ልጄን አየኋት። እንባዋ ሳይደርቅ ትስቃለች፤ በሕፃንነቷ ትኩሳት ሲለቃት እንዲህ ነበረች።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። “እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።”

“ይቅርታሽን ለጊዜው ያዢው። ነገ እንጦጦ ወጥተሽ እርጥብ ቅጠል ትለቅሚያለሽ፤ እንደገና ትዘሪያለሽ። ያላሰብሽው ሲመጣ መጀመሪያ ቅጠሉን ጠይቂ፤ እኔን መጨረሻ። በርጩማዬንም መደገፊያ አሠሪለት፤ ዘበኛሽ ወገቧን ያማታል።”