የጭራው አጥንት ባለቤት

ሌስተር የአማቱን ፊት ካየ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ኖሊንን ካገባ ጀምሮ ማለት ነው። አማቱ የሚኖሩት ግን ባሕር ማዶ አይደለም፤ ከእሱ ቤት ድንጋይ ቢወረወር ከሚደርስበት ነው። በእኛ በረሃ አማችና አማት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም፤ አንዱ በሱቁ የፊት በር ሲገባ ሌላው በጓሮ ይወጣል። ጠብ አይደለም፣ ክብር ነው። እኔም ክብሩን ላለማጉደል የሴትየዋን ስም እዚህ አላነሳም።

ሰው ሆኖ ግን ጨርሶ ሳይነጋገሩ መኖር አይቻልም። አማች ለአማቱ የሚለው ሲኖረው ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሚስቱ ይናገራል። አማትም የሚሉት ሲኖራቸው ለውሻ ይነግሩታል። በዚህ የተነሳ ናፍጣ የሚባለው ጆሮ ቆራጣው ቀይ ውሻቸው ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በላይ የተመከረና የተዘለፈ ፍጡር ሆኗል። የሰማውን ቢይዝ ኖሮ ዛሬ ዳኛ ይሆን ነበር።

አማችነት በዝምታ ብቻ አያልቅም፤ ሥጋም አለበት። ሌስተር ካንጋሩ በጣለ ቁጥር ጭራው የአማቱ ነው። ጭራ ደግሞ የካንጋሩ ሥጋ ሁሉ ንጉሥ ነው፤ አመድ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ስቡ ጣት ያስልሳል። አማች ጭራ አይቀምስም። ሌስተርም በረሃ ለበረሃ እየዞረ ያድናል፣ ጭራውን ቆርጦ ይልካል፣ ምራቁን ይውጣል።

ሥራው የድሮ ሰው ሰፈር መቆፈር ነው። ከተማ ወርዶ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ተመልሶም በአማቱ አባት ምድር ላይ፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ጥላ ሥር ሲቆፍር ከረመ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት የእሳት ቦታዎች አገኘ። በመካከላቸው ምንም ያልተጣለበት ባዶ መሬት ነበር። በሁለቱም እሳት ዳር የካንጋሩ አጥንት ወጣ፤ የጭራ አጥንት ግን በምሥራቁ እሳት ዳር ብቻ ተከምሮ ተገኘ፣ በምዕራቡ አንድም አልነበረም። ይህን ጉድ ይዞ ለመጻፍ ተቀመጠ።

ሌስተር በወሬ ጊዜ ሰውን በሳቅ የሚያፈርስ ሰው ነው። ብዕር ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ትምህርት ቤት ሳለ፣ አንባቢ በአንድ ንባብ የገባው ነገር ያልተማረ ሰው የጻፈው ነው የሚል እምነት አድሮበት ቀርቷል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ አዳኝ አያድንም፤ «የአደን እንቅስቃሴ ይስተዋላል» እንጂ። የሚበላም የለም፤ «የምግብ ፍጆታ ተከናውኗል»። ስለ ጭራው ብቻ አሥራ አንድ ገጽ ጻፈ፤ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ስቡ መጠን፣ ስለ ሸክሙ ርቀት። ከተማ ያለችው መምህሩ አንብባ፣ ስህተት የለውም ግን ደረቅ ነው ብላ መለሰችለት። እሱም ለማርጠቢያ ሠንጠረዥ ጨመረበት። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው።

አሁን ግን ዞር ማለቻ አልቀረውም። ጽሑፉ መጽሔት ላይ ከወጣ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ሰፈር ሆኖ የሚሠራበት ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ካልወጣ ከተማ ወርዶ፣ ሙዚየም ምድር ቤት ውስጥ ሌሎች የቆፈሩትን ሲያጥብ መኖር ነው። ኖሊን ደግሞ ቁርጡን ነግራዋለች፤ እሷና ልጆቹ ከዚህ ንቅንቅ አይሉም። በሰፈራችን ሕግ ስለ አንድ ምድር የተጻፈ ነገር፣ የምድሩ ባለቤት ሰምቶ «ይሂድ» ሳይል አይወጣም። የዚህ ምድር ባለቤት ደግሞ አማቱ ናቸው። ስለዚህ የሌስተር ሥራም ትዳርም በአንድ ውሻ አፍ ላይ ተንጠለጠለ።

አንድ ብርዳማ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። አማቱ ከቅጠል ከተሠራው የነፋስ ከለላ ወዲያ ጀርባቸውን ሰጥተው እሳታቸውን ይሞቃሉ። እሱ ከለላው ወዲህ በሌላ እሳት ዳር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ። ኖሊን ሁለቱንም በምታይበት ቦታ ሆነች። ጠዋት የጣለው ካንጋሩ በጉድጓዱ አመድ ውስጥ እየበሰለ ነበር፤ ሽታው ለየትኛውም ጽሑፍ ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

ሌስተር ጉሮሮውን ጠርጎ ለሚስቱ ማንበብ ጀመረ። ኖሊን ባሏን ስለምትወድ ለመስማት ታገለች። ጥቂት እንደሄደ ጥፍሮቿን መመርመር ያዘች። ጥቂት ቆይቶ ከከለላው ወዲያ ማንኮራፋት ተሰማ። ሌስተር የውሻው ነው ብሎ ራሱን አጽናና፤ ናፍጣ ግን ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ አፍጥጦ ያየው ነበር።

ቆሽቱ እያረረ ድምፁን ከፍ አደረገና ስለ ጭራው ወደሚያትተው ክፍል ገባ። «የጭራ አጥንቶች በምሥራቁ የእሳት ቦታ ብቻ ተከማችተው የመገኘታቸው ምክንያት በአሁኑ ወቅት በእርግጠኝነት ሊገለጽ የማይችል ሲሆን...»

እንቅልፍ ያልለቀቀው ድምፅ ከከለላው ወዲያ መጣ። «ናፍጣ፣ ጭራዬ እስካሁን አልበሰለም?»

ኖሊን ወረቀቱን አየች፣ ከለላውን አየች፣ ባሏን አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። አፏን በሁለት እጇ ብትይዘውም በአፍንጫዋ ወጣ፤ በመጨረሻ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተጋደመች። ሌስተር አሁንም አልገባውም ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አላት።

«አንተ ጭራ ከበላህ ስንት ጊዜህ ነው?»

ሊመልስላት ሲል ዐይኑ መሬቱ ላይ አረፈ። በእሱ በኩል እሳቱ ዳር ያለፈው ሳምንት የጎድንና የእግር አጥንት ተበትኗል። ከከለላው ወዲያ ደግሞ እሱ በእጁ ቆርጦ የላከው የስምንት ዓመት ጭራ አጥንቱ ተከምሯል። በመካከላቸው ማንም የማይረግጠው ባዶ መሬት አለ። ፈረንጅ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ፈረንጅ ለአማቱ ጭራ ተሸክሞ አያውቅም። እሱ ግን በየሳምንቱ የሚኖረውን ነገር ቋጥኙ ሥር ሲያገኘው ሳያውቀው ቀረና በስብ መጠን ሊያስረዳ አሥራ አንድ ገጽ ፈጀ። ክው አለ።

አማቱ የኖሊን ሳቅ እስኪበርድ ጠበቁ። «ናፍጣ፣ ለሰውዬው ንገርልኝ። ምድሬ ላይ እሳት ነድዷል፣ ሥጋ በስሏል፣ አጥንት ተጥሏል፤ ሰው ግን የለም። ባዶ ቤት ገብቼ የወጣሁ መሰለኝ። ሰው ሲገባበት ያምጣው።»

ሌስተር በደስታ አብዶ ወደ ቤቱ ሮጠ። አሥራ አንዱን ገጽ እሳት ውስጥ ጨመረና የምሥራቁ እሳት የአማት፣ የምዕራቡ የአማች እሳት ነበር ብሎ ጻፈ። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ብዕሩ ግን አንዴ ከተፈታ በኋላ አልመለስ አለው። ለጥንቷ አማት ሽበት አወጣላት። ጥንታዊውን አማች ታታሪ፣ ታጋሽና ውለታው የማይታወቅለት ሰው አደረገው። ሴትየዋ ቁጡና ነገር የማይጥማት እንደነበረችም በሁለት መስመር አሰፈረ። ከድጡ ወደ ማጡ ገባ።

በሳምንቱ ያንኑ ቦታ ተቀምጦ ሲያነብ ከከለላው ወዲያ ማንኮራፋት አልተሰማም። ይህ ልቡን አሞቀው። ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈ።

«ናፍጣ፣» አሉ አማቱ፣ «ያቺ ሴትዮ ቁጡ መሆኗን የነገረው አጥንቷ ነው?»

ኖሊን ከንፈሯን ነከሰች። ሌስተር ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ደግሞስ ናፍጣ፣ አንተ ራስህ መች ትታመናለህ? ስንቱን ጭራ ከእጄ ነጥቀህ ሮጠሃል። ያን አጥንት ወደዚያ እሳት የጎተተው የአያትህ አያት አለመሆኑን ሰውዬው በምን አወቀ? አብሯቸው የበላ ይመስል ያወራል። ባለፈው ማንም አልነበረበትም፤ ዛሬ ደግሞ እሱ ብቻውን ሞልቶበታል። መልሰህ አስይዘው።»

ሌስተር ብው አለ። ለኖሊን፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ ከነገ ጀምሮ ከተማ ወርዶ የሰው አጥንት እያጠበ እንደሚኖር፣ እዚያ ቢያንስ ሙት ሰው እንደማይነዘንዘው ነገራት። ኖሊን መልካም መንገድ አለችው። አንተ ብቻህን ማለቷ እንደሆነ ገብቶታል፤ ያ ሌሊት እንቅልፍ ነሳው። ፈርቶ ነበር። ቁጡ ያላትን ሴትዮ ሲያስብ ደግሞ አፈረ፤ ቂሙን ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ወርውሮ በሞተች ሴት ላይ እንደለጠፈ ራሱም ያውቃል።

በማግስቱ ኖሊን ከእናቷ ቤት አንድ የዱቄት ከረጢት ይዛ መጣች። መልእክት የለውም፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋለት ወጣች። የጭራ አጥንት ነበር፤ ግማሹ አማቱ በልተው በእሳታቸው ዳር የጣሉት፣ ግማሹ ናፍጣ ሰርቆ የቆረጠመው፣ ለየብቻ በጨርቅ የታሰረ። ሌስተር አይቶ እንደ ልጅ ፈገግ አለ። ከቋጥኙ ሥር ካወጣው ጋር አስተያይ ማለታቸው ነው። በተማረበት ዘመን ሁሉ እንዲህ የረዳው አስተያየት ሰጪ አላጋጠመውም።

አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ለጎን ደርድሮ ሲለካ ዋለ። ናፍጣ የቆረጠመው ጫፉ የለም፣ ጥርስ አርፎበታል። ሰው የበላው መጋጠሚያው ላይ በቢላ ተቆርጧል፣ ጫፉ ደህና ነው። የምሥራቁ እሳት አጥንቶች አብዛኞቹ በድንጋይ ስለት የተቆረጡ፣ ጫፋቸው ያልተነካ ሆኑ፤ ጥቂቶቹ ደግሞ የውሻ ጥርስ አለባቸው። አማቱ ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ እሱም ትክክል ነበር፤ የናፍጣ ቅድመ አያትም እጁ አለበት።

ከረጢቱን ሊያጥፍ ሲል ታች የቀረ ነገር እጁን ነካው። በቅጠል የተጠቀለለ አንድ የጭራ አንጓ ነበር፤ የበሰለ፣ ሥጋው ከነስቡ ያልተነካ። ረስተውት ይሆን? አማቱ ጭራ ላይ ሥጋ የሚረሱ ሰው አይደሉም። ሌስተር ወደ በሩ አየ። ሽታው ስምንት ዓመት የታገሠውን አንጀት ቀሰቀሰው። ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ለአፍ ዳገት የለውም። ከዚያ በላው። ስቡ አገጩ ላይ እየወረደ ዐይኑን ጨፍኖ በላው። አጥንቱን ሊመጥ ሲል ሳያየው የገባው ናፍጣ ከጣቱ ነጥቆ በበሩ ተፈተለከ።

ሌስተር እጁን ታጥቦ ወደ ጽሑፉ ተመለሰና ከሠንጠረዡ ሥር «አንድ ናሙና በመጥፋቱ አልተለካም» ብሎ ጻፈ። ተሟልቶ የተጻፈ፣ ማንም የማይጠይቀው ማስታወሻ ነበር። መልሶ ሲያየው ግን ከከለላው ወዲያ ያለው ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ፤ ባዶ ቤት ገብቼ የወጣሁ መሰለኝ። ብዕሩን አንስቶ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። በመጨረሻ ሰረዘውና ሌላ ጻፈ።

ሦስተኛው ንባብ አጭር ነበር፤ የቀረው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ሩብ አይሞላም። አማቶችና አማቾች እዚህ ምድር ላይ ዛሬም እንዴት እሳት እንደሚለዩ ተረከ። የምሥራቁ እሳት የአማት ሊሆን እንደሚችል፣ ይህን የሚያስብለው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደማያውቅ ተናገረ። ውሻውም ቦታውን አገኘ። ቁጣዋ፣ ሽበቷና የታጋሹ አማች ውለታ ቀርተው ነበር። ከከለላው ወዲያ ትንፋሽ እንኳ አይሰማም፤ እያደመጡ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ማስታወሻ አነበበ።

«ለማስተያያ ከተሰጡኝ አጥንቶች አንዱ ሥጋ ነበረበት። ሥጋውን እኔ በላሁት፤ አጥንቱን ውሻው ወሰደው። ስለዚህ አልተለካም።»

ኖሊን ደርቃ ቀረች። አማች ጭራ መብላቱ አንሶ፣ አማቱ በሚሰሙበት አንብቦ ማስታወቅ በሰፈራችን ተሰምቶ አያውቅም። ሌስተር ወረቀቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። ሥራውም፣ ቤቱም፣ ይህች አጠገቡ ያለችው ሴትም በአማቱ መልስ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

«ናፍጣ፣» አሉ አማቱ፣ «ጨው አንሶት እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ሌስተር ወደ ሚስቱ ዞረ። «ኖሊን፣ ደህና ነበር በያት ለውሻዋ» አለ፤ ተደናግጦ ማን ለማን እንደሚናገር እንኳ ጠፋው።

ከከለላው ወዲያ ስምንት ዓመት ሰምቶት የማያውቀው ሳቅ ፈነዳ፤ የሴት ልጃቸውን የመሰለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ ሳቅ ነበር። እየሳቁ አመዱን በእንጨት ጫሩት።

«እንግዲያው ሰው አለበት» አሉት ለናፍጣ። «ይሂድ።»