እናቴ «የለም» ያለችበት ቀን

መቀሱ አውራ ጣቴ ላይ ጠበቀኝ። ስንት ዓመት የቆረጥኩበት መቀስ ነው፤ መቀስ ደግሞ አይጠብም። ያበጠው ጣቴ ነው። ግን ይህን ለማን ልንገር? ወደ ስፌት ቤቴ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «እርግዝናው ተስማማሽ፣ ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይለኛል። ድሮም ቀጭን አልነበርኩም። ራሴን እየፈለጠኝ፣ ዓይኔ ብዥ እያለብኝ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እያቃተኝ ምኑ እንዳማረብኝ እነሱ ያውቃሉ።

አማቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ አፋቸው ግን ክዳን የለውም። በመጡ ቁጥር «ለሁለት ሰው ነው የምትበዪው» እያሉ ለስላሳና ብስኩት ከፊቴ ይደረድራሉ። እናቴ ይህን እያየች ዝም ትላለች። ዝም የምትልበትን ምክንያት አውቃለሁ። የስኳር መድኃኒቷን የምትደብቀው እኔ አዝራር በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ታናሽ እህቴ እስክታገባ ድረስ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። «ዘራቸው ስኳር አለበት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?» ትላለች።

ራስ ምታቱ ሲብስብኝ እናቴና አማቴ ግራና ቀኝ ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ግፊቴን ለካች፤ ደግማ ለካች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ከቤተሰብ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው አለ?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። «የለም። እኛ ቤት ሁሉም ጤነኛ ነው።»

«እኔስ ብሆን ዘራቸውን ሳላጣራ መሰለሽ ልጄን የዳርኩት?» አሉ አማቴ ለነርሷ፣ ደስ ብሏቸው።

ነርሷ ልትጽፍ አጎነበሰች። ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ። እናቴን አየኋት፤ ወለሉን ነው የምታየው። ላዋርዳት አልፈለግሁም። ልጄን ማጣት ግን ከዚያ የባሰ አስፈራኝ።

«እናቴ ስኳር አለባት» አልኩ። «መድኃኒት ትወስዳለች።»

አማቴ ቀስ ብለው ወደ እናቴ ዞሩ። እናቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ነርሷ ወዲያው ጣቴን ወግታ ደሜን መረመረች። ስኳሩም ከፍ ብሏል። ስኳርና ግፊት ሲደራረቡ ለእኔም ለልጁም እንደሚያሰጉ፣ ዛሬ ወደ ቤት እንደማልመለስና ወደ ሆስፒታል እንደምትልከኝ ነገረችኝ። አማቴ ለባሌ ሊደውሉ ወጡ።

እናቴ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አዋረድሽኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ስኳሩስ?»

«ከፍ ብሏል። ግፊቱም። ሆስፒታል ትተኛለሽ ብለውኛል።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ። ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው ሆዴ ውስጥ ሞተ። ስኳሩ ነው ብለው የነገሩኝ ልጁን ካጣሁ በኋላ ነው። ያኔ ቀድሞ ስኳር አለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

በሕይወቴ ሙሉ ይህን ልጅ ስታነሳ ሰምቻት አላውቅም። አሳዘነችኝ፤ ግን ደግሞ ንዴቴ አልበረደልኝም። እጇን ያዝኩት።

«ዛሬ ግን ጠይቀውሽ ነበር፣ እማዬ» አልኳት።