የሲባጎው ጫፍ

ክፉ ነው ይበሉኝ። በክረምት ሬሳ ተሸክሞ በሰፈራችን ጭቃ ያልተንሸራተተ ሰው ግን እኔ ላይ አይፍረድ።

ሰፈራችን ደብረ ታቦር ውስጥ ካሉት አሮጌዎቹ አንዱ ነው። የድንጋይ መንገድ ይሠራልን ብለን ብንጠይቅ ማዘጋጃ ቤቱ፣ «ድንጋዩ ከእኛ፣ ጉልበቱ ከእናንተ፤ መንገዱ የሚያልፍበትንም ራሳችሁ ተስማምታችሁ አሳዩን» አለን። እድሩ ተሰበሰበና እኔን አናጢውን ዘውዱን «መስመሩን ለካ» አለኝ።

ከሁሉ የበረቱት እትዬ ብዙነሽ ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ያላቸው ከባላቸው የቀረ አንድ የዘመመ የጭቃ ቤት ነው። መንገዱ ሲያልቅ ደቦው ግድግዳቸውን ሊያቃናላቸው ቃል ገባንላቸው። በዚያ ተስፋ ድንጋይ ለሚሸከመው ሁሉ በየሳምንቱ ጠላ ይጠምቁ ነበር።

የልኬቱ ቀን የሲባጎውን የታች ጫፍ እሳቸው ያዙ። የላዩን እኔ ይዤ ብወጥረው ሲባጎው በእንጨት መሥሪያ ቤቴ መሀል ለመሀል አለፈ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ሦስት እርምጃ ወደ ማዶ ፈቀቅ አልሁ። ማዶ ያለው የእትዬ ብዙነሽ ቤት ነው።

«ቀጥ አለ፣ ዘውዱ?» አሉኝ ከታች። ዓይናቸው ደክሟል።

«ቀጥ ብሏል፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊው ሰዒድ አይቶኛል። ሱቁ ከእኔ ጎን ነውና ዝም አለ። ሌሎቹም ችካል ያቀብሉኝ ጀመር።

ችካሉ ምድጃቸው አጠገብ ሲተከል ነው የገባቸው። «ምነው ልጄ፣ ቤቴን?» አሉኝ። አፈርሁ፤ ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ።

«ሲባጎውን የያዙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?» አልኋቸው ሰው ፊት።

ቅዳሜ ሃያ ሰው ሆነን ቤታቸውን ልናፈርስ ሄድን። ቆርቆሮውን አወረድን፤ ግድግዳውን ገፋነው። ብዙም አላስቸገረን፤ ድሮም ዘሞ ነበር።

እሳቸው ጋናቸውን ቀድመው ውጭ አውጥተውታል። «ደቦ ደጄ መጥቶ ጉሮሮው ደርቆ አይመለስም» አሉና በተራ ይቀዱልን ጀመር። ለሰዒድ ለብቻው ሻይ አፍልተዋል። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ጣሳውን ሞልተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

«ጠጣ ልጄ። ግድግዳዬን ስታቃናልኝ ትጠጣዋለህ ብዬ ነበር የጠመቅሁት።»

ጠጣሁ። ደግመው ቀዱልኝ፤ እሱንም ጠጣሁ።