ገለባ ያስጠላት አህያ

የሐሊሜ አህያ በየሃያ ሦስት ሃያ አራት ቀኑ አመሏ ይቀየራል። ገለባ ትንቃለች፤ ውሃ እንኳ ቀምሳ ትተዋለች። ሌላ ጊዜ ካልነዷት የማትራመደው ፍጥረት ቀኑን ሙሉ ችካሏን ስትዞር ትውላለች፤ መንጋጋዋን እያማታች ለሃጯን ታዝረከርካለች። ወንድ ፈልጋ ነው። ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይተዋታል፤ ያን ጊዜ የጦሟን ለማካካስ አጥር ሳይቀር ትግጣለች። ሐሊሜ ይህን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታበላው በዚህች አህያ ለሰቆጣ ቤቶች ውሃ እያመላለሰች ነውና።

ክፋቱ፣ የዚህ ወር ቀኗ ከእብድ ውሻ ጋር ገጠመ። ውሻው ሁለት ሰው ነክሶ ከተገደለ በኋላ ቀበሌው ለሃጩን የሚያዝረከርክ እንስሳ ሁሉ በጥይት ይመታ ብሎ ወሰነ። ሊቀ መንበሩ ወርቅአገኘሁ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጽሕፈት ሰው ነው፤ ስለ አህያ የሚያውቀው ጭነት መሸከሟን ብቻ ነበር። አንድ አሳባቂ ጎረቤት ጠቆመና አህያዪቱ በጠዋት ተጎትታ ቀበሌው ግቢ ቆመች። ከተሰበሰበው ሕዝብ ግማሹ አህያ ያሳደገ ነው፤ ነገሩን በአንድ እይታ ለይቶታል። ግን ጠመንጃ ባለበት ማን አፉን ይከፍታል? ሁሉም መሬት መሬት አየ።

ሐሊሜ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ነገሩን በስሙ መጥራት አፈረች። ባሏን የቀበረች ሴት እንዲህ ያለውን በአደባባይ አታወራም። ዙሪያ ጥምጥም ሄደች፤ ሳምንት ይታገሡኝ፣ ይተዋታል ብላ ለመነች። ወርቅአገኘሁ ያበደ እንስሳም በሳምንቱ ይሞታል ብሎ ሚሊሻውን ጠራ። ጠመንጃው ሲቀባበል ስትሰማ የልጆቿ ረሃብ ከኀፍረቷ በለጠ።

«ወንድ ፈልጋ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ድንጉላ አህያ ይምጣና ይዩ።»

«የፈለገችው እሷ ናት ወይስ አንቺ?» አለ ሚሊሻው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሐሊሜ ፊቷ ነደደ፤ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

በአህያ ጭነት የሚተዳደረው ደርቤ የራሱን ድንጉላ ጎትቶ አመጣ። ድንጉላው አሸተተ፣ ከንፈሩን ወደ ላይ ገለበጠ፣ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ስትንቆራጠጥ የዋለችው አህያ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ጅራቷንም ገለል አደረገችለት። ማስረዳት አላስፈለገም። አሁን ሕዝቡ የሚስቀው በሊቀ መንበሩ ነበር፤ እብድ ብሎ ሊገድል የነበረው ሙሽራዪቱን ነው የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ሐሊሜ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ሸክሙ ከደረቷ ሲወርድላት እሷም ሳቀች፤ ያውም ሊቀ መንበሩን ዓይን ዓይኑን እያየች።

ወርቅአገኘሁ ሳቁ እስኪያልቅ ታገሠ። የመጨረሻው ሰው አፉን ሲዘጋ መዝገቡን አጠፈ።

«ውሳኔ ተጽፏል» አለ። «አብዮት በአህያ ጅራት አይሻርም። ምታት።»

አንድ ጥይት በቃት። ደርቤ ድንጉላውን እየጎተተ ሸሸ፤ ሕዝቡም እንዳላየ ተበተነ። ሐሊሜ ገመዱን ፈታ ይዛ ብቻዋን ቀረች።

በማግስቱ የሊቀ መንበሩ ሚስት ውሃው ለምን ዘገየ ብላ ላከች። ሐሊሜ እንስራ አዝላ አቀበቱን ወጣች፤ በሩን የከፈተላት ራሱ ወርቅአገኘሁ ነበር። እንስራው ወደ ጋኑ ሲገለበጥ ቆሞ አየ።

«ነገ ቀደም በይ» አላት።

«እሺ» አለች ሐሊሜ።