ሳቁ የወይኑ ነበር

ልብስ ሰፊዋ ሰላም እንኳ አላለችም። የላውንደሪውን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባችና በሁለት እጇ አቅፋ ያመጣችውን የሙሽራ ቀሚስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ነጭ ሐር ነው። ከወገቡ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ቡናማ ምልክት አርፎበታል፤ ጫፉ ሹል፣ ሥሩ ሰፊ። ቃጠሎ ሳይሆን ማኅተም ይመስላል።

«እይው» አለች። «ሳቅሽን አምኜ የገዛሁት ካውያ ሥራ ነው።»

እትዬ ካውያ የያዘችውን ሱሪ አስቀመጠች። ይህን ቅጽል ስም ሠፈሩ ያወጣላት በሥራዋ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም የነካውን ስለሚያቃጥል ነው። የቤት ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሷ ጋ ጎራ ይላል። ማራገቢያም ይሁን ማቀዝቀዣ፣ ገልብጣ ታየዋለች፣ በጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች፣ ገመዱን ታሸትታለች። «ይሄ ዓመት አይደፍንም» ካለች አይደፍንም። የማታውቀውን ደግሞ «አላውቀውም» ትላለች፤ ሰው ይበልጥ የሚያምናት በዚህኛው ነው።

«የምን ሳቅ?» አለች።

«በቴሌቪዥን የሳቅሽው ሳቅ ነዋ! እሁድ ከሰዓት። ካውያውን ከፍ አድርገው አሳዩት፣ አንቺ ሳቅሽ። የመንጋጋ ጥርስሽ ሳይቀር ታየ። ከሥር ደግሞ ‹የሠላሳ ዓመት ባለሙያ› ብለው ጽፈውበታል። ሰኞ ሱቁ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ።»

«ስለ ካውያው የተናገርኩትንስ አልሰማሽም?»

«ምን ተናገርሽና? ሳቅሽ እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈስሽም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እትዬ ካውያ እሁድም ሥራ ስለምትገባ ዝግጅቱን አላየችውም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ መንገድ ላይ ሰው ፈገግ እያለ ሰላም ሲላት፣ አንድ ሁለቱ እንዲያውም «ተባረኪ፣ ገዛን» ሲሏት፣ በደህና ነገር ነው ብላ አጸፋውን መልሳለች።

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ከፈተችላት። ለስላሳ የወንድ ድምፅ «ለሐር የሚራራ፣ ለሱፍ የሚበረታ!» ይላል። ካውያው እንደ ጌጥ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ እሷው ራሷ ብቅ አለች፤ አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ትጠርጋለች። ከዚያ ተመልሶ ካውያው። በቃ፣ ይኸው ነው።

ደጋግማ አየችው። በሦስተኛው ላይ ሳቁን አወቀችው።

«ይሄ ሳቅ የካውያው አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የወይኑ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት «ሸማቹ ይናገር» የሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት ጠራት። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር አስቀመጧት። «ተራ ሸማቾች» ብለው ሲያስተዋውቋቸው ተራ የሚለው ቃል ጎርበጥ ቢያደርጋትም አለፈችው። ሦስት ዕቃ ቀረበ፤ ካውያ፣ በድምፅ የሚታዘዝ ሰፊ ቴሌቪዥንና አንድ ጠርሙስ ወይን።

ካውያው ላይ አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናገረች። መዘውሩን ሐር ላይ አድርጋ ቀይ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ጣቷን በምራቋ አርሳ ብረቱን ነካ አደረገችው። ለሐር የተዘጋጀ ካውያ ዝም ይላል፤ ይሄኛው ችስስ አለ። «መብራቱ ጠፋ እንጂ እሳቱ አልጠፋም» አለች። «ውሸታም ካውያ ነው። ለጠላቴም አልመክረው።» አዘጋጁ፣ ያ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት፣ «ግሩም! ግሩም!» ይል ነበር።

ቴሌቪዥኑ የሹፌሩ ድርሻ ሆነ። «ድምፅ ጨምር» ሲለው ጣቢያ ቀየረ። «ጣቢያ መልስ» ሲለው ጭልም አለ። «ረዳቴም ልክ እንደዚህ ነው» አለ ሹፌሩ፤ «አንድ ሳዝዘው ሌላ ይሠራል። እሱን ግን ሲብስብኝ ጆሮውን እይዘዋለሁ፤ ይሄ ጆሮ እንኳ የለው።»

ወይኑ መጨረሻ ላይ መጣ። አዘጋጁ ብርጭቆውን አሽከረከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አፍንጫውን ነከረና «የቆየ ቆዳ ይሸተኛል... ራቅ ብሎ ደግሞ ጭስ...» አለ። ሹፌሩም አፍንጫውን ነከረ። ፊቱ ጭንቅ አለው። «ቆዳና ጭስ ከሆነ፣ የኔ ፍሬን ሸራ ነው» አለ። «ቁልቁለት ላይ ይሄ ሲሸተኝ መኪናውን አቁሜ ተሳፋሪ አወርዳለሁ።»

እትዬ ካውያ ያን ቀን የሳቀችውን ያህል ከሳቀች ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። ስትረጋጋ ቀመሰችውና «ይጎመዝዛል፤ ግን አይዋሽም» አለች። ወይኑን አልጠላችውም። የሳቀችው በሹፌሩ አፍንጫ ነበር።

ይህንን ሁሉ አስረዳቻት። ልብስ ሰፊዋ እጇን አጣጥፋ ሰማቻት። ከዚያ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «እትዬ፣ ትንሽ ነገር ሰጥተውሽም ከሆነ ንገሪኝ። አልቀየምሽም» አለች።

እትዬ ካውያ በሥራዋ ብዙ ጊዜ ተቃጥላለች፤ ክንዷ ላይ ምልክቱ አለ። እንደዚህ ያለው ግን ደርሶባት አያውቅም።

«እኔ? ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ሠርተን?»

«ሃያ ዓመት ስላመንኩሽ እኮ ነው ቀሚሱ የተቃጠለው! የማላምንሽ ብሆን መጀመሪያ በጨርቅ እሞክረው ነበር። ሙሽራዋ ቅዳሜ ትመጣለች። ምን ልበላት? ጎረቤቴ ስቃ ነው ልበላት?»

እትዬ ካውያ ሽርጧን ፈታች፣ ቀሚሱን አጥፋ በላስቲክ ጠቀለለች፣ ለባልደረባዋ «መጣሁ» አለቻት። «ተነሺ» አለች ለልብስ ሰፊዋ። «አፌን የቆረጡት ሰዎች ጋ እንሄዳለን።»

እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ነው የገባችው። የአዘጋጁ ቢሮ የቴሌቪዥን ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ሥር የዚያው ካውያ ሦስት ካርቶን ማሸጊያው ሳይነካ ተደርድሯል።

«እናቴ!» አለ ብድግ ብሎ። «እንኳን መጡ! ሕዝቡ እንዴት እንደወደደዎት ብነግርዎት...»

«እኔ አልወለድኩህም። ወልጄህ ቢሆን ውሸትን በቁንጥጫ አስተውህ ነበር።» ላስቲኩን ፈትታ ቀሚሱን ወረቀቶቹ ላይ ዘረጋችው። «ይሄ የማን ሥራ ነው?»

ቀሚሱን አየ፣ ልብስ ሰፊዋን አየ፣ ሸሚዙን አስተካከለ። «በጣም ያሳዝናል። ግን እኛ እኮ በርስዎ ንግግር ላይ አንድ ቃል አልጨመርንም።»

«ቃሌንማ ጣላችሁት!»

«ሰዓት አጥሮን ነው። ዝግጅቱ ሃያ ደቂቃ ነው፤ የርስዎ ስለ ካውያው ብቻ አሥር ደቂቃ ነበር...»

«እና አሥሩን ደቂቃ ቆርጣችሁ ጣላችሁና፣ ለወይን የሳቅሁትን አምጥታችሁ ሰፋችሁበት።»

«ስፌቱም አይታይ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከኋላ፤ አዘጋጁን ትክ ብላ እያየችው ነው። «ሙያ አላችሁ። እንዲህ ያለ እጅ እኔ ጋ ቢኖር የት በደረስኩ።»

«ማጣፈጫ ነው የምንለው» አለ አዘጋጁ፤ ሙገሳ መስሎት ቀለል ብሎታል። «ሁሉም ይሠራዋል። ሳቅ ሳቅ ነው፤ ከየትም ይምጣ ተመልካቹን ያነቃል።» መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት አወጣ። «ደግሞም ፈቅደዋል። ይኸው፦ ‹ምስሌንና ድምፄን ጣቢያው በሚያመቸው መንገድ እንዲጠቀምበት...› ፊርማው የርስዎ አይደለም?»

የእሷ ነው። በር ላይ አንዲት ልጅ «የመጡ ሰዎች መመዝገቢያ ነው፣ እዚህ ጋ» ብላ አስፈርማት ነበር። እትዬ ካውያ የዕቃ ገመድ የምታሸት፣ የብሎን ቁጥር የምትቆጥር ሴት፣ ወረቀቱን ሳትገለብጥ ፈርማለች። ቆሽቷ አረረ፤ ግማሹ በራሷ ላይ ነው።

«አስተካክሉ» አለች። «እሁድ፣ በዚያው ሰዓት፣ የተናገርኩትን አውጡት።»

«የተላለፈ ተላለፈ፣ እናቴ... ይቅርታ፣ እትዬ። ግን አይቀየሙን። በሚቀጥለው ወር የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንሠራለን፤ ይምጡልን። ፊትዎ ይታመናል፤ እንደዚህ ያለ ፊት ፈልገን አናገኝም።» ከመደርደሪያው ያንኑ ወይን አንድ ጠርሙስ አንስቶ ዘረጋላት።

«ፊቴ የሚታመነው ሠላሳ ዓመት ስላልሸጥኩት ነው» አለች። ጠርሙሱ እጁ ላይ ቀረ።

ደረጃው ላይ ልብስ ሰፊዋ እጀታዋን ያዘቻት። «አሥር ደቂቃ ተናግረሽ ነበር ማለት ነው?»

«ከራሱ አፍ ሰማሽ አይደል?»

«ሰማሁ።» «የቀሚሱን ፊት ፈትቼ እቀይረዋለሁ። ጨርቅ ተርፎኛል። ሁለት ሌሊት ያስመሸኛል እንጂ ይወጣል።»

«ያንቺስ ወጣ። ‹ገዛን› ያሉኝስ? ዛሬ ሱቅ የቆሙትስ?» እትዬ ካውያ መንገዱን ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ገበያው አዞረችው።

የኤሌክትሮኒክስ መደብሩ አንድ ግድግዳ ሙሉ ቴሌቪዥን ነው። ሲገቡ አሥራ ሁለቱም ላይ እሷ ትስቃለች። አንዱ ላይ ፊቷ ቀላ ብሏል፣ አንዱ ላይ አረንጓዴ፣ ትልቁ ላይ ጥርሷ የመዳፍ ያህል ነው። ከሥራቸው ካውያው ተሰክቶ ለሙከራ ተቀምጧል። አንድ ባልና ሚስት ካርቶኑን ይዘው ወደ መክፈያው ተሰልፈዋል።

ሻጩ አያትና እጁን አጨበጨበ። ነጭ ሸሚዝ በክራቫት ያደረገ ተጫዋች ልጅ ነው። «እርስዎ ነዎት! ኧረ ሰዎች፣ ባለሙያዋ መጡ!» ሰው ዞረ። ስልኮች ወጡ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንደዚያ ይሳቁልን፣ በእናትዎ!»

«ልተኩስ ነው የመጣሁት» አለች። «ልብስ ስጠኝ።»

ሻጩ ዙሪያውን ቃኘ። መደብሩ ውስጥ ከመጋረጃ በቀር ጨርቅ የለም።

«የለበስከው ምን ሆነ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ዕቃህን የምታምነው ከሆነ።»

ሰው «አውልቅ! አውልቅ!» አለ። ልጁም እየሳቀ ክራቫቱን አላልቶ ሸሚዙን አወለቀ። በካናቴራ ቀረ፤ ክራቫቱ ግን አንገቱ ላይ ነው። እትዬ ካውያ የሸሚዙን አንገትጌ ገልብጣ ጽሑፉን አነበበች፣ መዘውሩን አዞረች፣ ካውያውን ለሰው ከፍ አድርጋ አሳየች።

«የት ላይ አደረግኩት?»

«ናይለን ላይ!» አሉ።

«መብራቱስ?»

«ጠፋ!»

ጣቷን አርሳ ነካችው። ችስስ። ሚስትየዋ ከሰልፉ ወጥታ ጠጋ አለች።

«በቴሌቪዥን የተናገርኩት ይሄንን ነበር። ቆርጠው ጣሉት። ሳቄን ከወይን ጠርሙስ ላይ አንስተው እዚህ ለጠፉት።» ካውያውን ሸሚዙ ደረት ላይ አሳረፈች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ አነሳችው። ሸሚዙም አብሮ ተነሳ። የቀለጠ ላስቲክ ሽታ መደብሩን ሞላ።

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሁሉም ተከተለው። ሻጩ በካናቴራና በክራቫት ቆሞ፣ ካውያው ላይ የተንጠለጠለውን ሸሚዝ በሁለት ጣቱ ይጎትታል። ባልየው ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ መለሰ። ሚስቱ ግን በዚያ አልረካችም፤ ከመደርደሪያው አንስታ ጀርባውን ወደ ፊት አዞረችው።

«እትዬ፣ ሸሚዜን...» አለ ልጁ።

«ካውያውን የላኩልህን ሰዎች ጠይቅ። እኔም የምጠይቅበት ቀሚስ አለኝ።»

«ነገ ይዘኸው ና» አለችው ልብስ ሰፊዋ አሳዝኗት። «ኪሱን አስፍቼ እሸፍንልሃለሁ።»

እትዬ ካውያ አንዴም አልሳቀችም። ሆዷ ውስጥ ሳቁ ይንቀጠቀጣል፤ ልጁ ክራቫቱን በባዶ አንገቱ ላይ ሲያጠብቅ አይታ በሳቅ ልትሞት ነው። ግን አሥር ስልክ ፊቷ ላይ ተደግኗል። ከንፈሯን ነክሳ፣ በአሥራ ሁለቱ ሳቂታ ፊቶቿ ሥር፣ እንደ ዳኛ ኮስትራ ወጣች።

ውጭ ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፋ ተጣጠፈች። «ክራቫቱ! ክራቫቱን አየሽልኝ? ወይኔ ጎኔን!»

ሳቁ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። እትዬ ካውያ ግራ ቀኙን አየች። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ስልኳን ፊቷ አጠገብ ይዛለች፤ ልታወራ ይሆናል፣ ልትቀርጽም ይሆናል። ከካውያውም ከወረቀቱም ይበልጥ ያናደዳት ይሄ ነው፤ ለገዛ ሳቋ ዘበኛ ሆና መቆሟ።

«ሳቂ እንጂ!» አለቻት ልብስ ሰፊዋ እንባዋን እየጠረገች። «ምን ሆነሻል?»

«ቤት እንግባና» አለች።