የጫጩት ዓሣ ዱለት

«ይሄን ዱለት የሠራ እጅ ይባረክ!» እያሉ ሰዎች ከአዳራሹ ሲጮኹ ኪዱ ከማድ ቤቱ አይወጣም ነበር። የዓሣ ቤቱ ባለቤት እትዬ ማዕዛ በሩን ገፋ አድርገው «ና እንጂ፣ ሰላም በላቸው፤ አይበሉህም!» ይሉታል። እሱ ግን እጁን በሽርጡ እየጠረገ «ዘይት ጥጄ ነው እትዬ» ብሎ ያመልጣል። ዓይን አፋርነቱ ይመስላቸዋል። ዓይን አፋርስ ነው። ያን ሰሞን ግን አንገቱን ያስደፋው ሌላ ነገር ነበር።

ኪዱ ያደገው በስተደቡብ፣ ሐይቅ ዳር፣ በአጎቱ በጋሽ ኤርሳዶ ቤት ነው። ጋሽ ኤርሳዶ ዓሣ አስጋሪ ናቸው፤ የአስጋሪዎቹም ማኅበር ሰብሳቢ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዓመት በዓመት እያነሰ፣ መረቡ ባዶውን እየወጣ ሲያስቸግር ማኅበሩ መከረና ወሰነ። ዓሣው በሚራባበት ወራት ማንም መረብ አይጥልም፤ በሌላውም ጊዜ ጫጩት ዓሣ የሚይዝ ቀዳዳው ጠባብ መረብ ሐይቁ ውስጥ አይገባም። ይህን ያጸኑት በጸሎት ቤቱ ግቢ ነው። እያንዳንዱ አስጋሪ ጠባብ መረቡን ተሸክሞ መጣና እሳት ውስጥ ጣለው። ናይለኑ እየተንጣጣ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ሴቶቹ አለቀሱ፤ የልጆቻቸው ምሳ ነበረና።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ አዲስ አበባ ለሚሠራበት ዓሣ ቤት ዓሣቸውን የሚቀበለውን ልጅ፣ ኪዱን ጠሩ። በሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ግን እጁን ዘርግቶ «ከስንዝር ያነሰ ዓሣ አልቀበልም» አለ። ሕዝቡ «አሜን!» አለ። አጎቱ ከፊት ወንበር ሆነው አንገታቸውን ቀና ሲያደርጉ አየ። እንደዚያ ኮርተውበት አያውቁም ነበር።

ቃሉ እስከ ሁዳዴ ቆየ።

በጾም ዓሣ የማይነካ ሰው ብዙ ነው፤ የሚበላው ግን መገናኛ ያለውን የእትዬ ማዕዛን ዓሣ ቤት እስከ በረንዳው ይሞላዋል። ሐይቁ የሚዘጋውም በዚያው ወራት ሆነ።

«ሰው ወንበር ይዞ እየጠበቀ አንተ ባዶ ፍሪዘር ታሳየኛለህ?» አሉት እትዬ ማዕዛ። «ፈልገህ አምጣ። ካላገኘህ የሚያገኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በማግሥቱ ከሾላ ገበያ ጀርባ፣ አንድ አይሱዙ ላይ የፎም ሳጥን ተከፈተለት። በረዶው መሃል የተደረደሩት ቆሮሶዎች መዳፍ እንኳ አይሞሉም። ከየት እንደመጡ አልጠየቀም፤ የሐይቁን ዓሣ ከቅርፊቱ ያውቀዋል። እንዳሉ ቢጠብሳቸው ሰው ይስቅበታል። ስለዚህ ሥጋቸውን ከአጥንቱ ለይቶ ከተፈው፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨመረ፣ በሚጥሚጣ አሸው። ዱለት ራስም ጅራትም የለው፤ ማን በስንዝር ይለካዋል? የጫጩት ሥጋ ደግሞ ለስላሳ ነው። የበላው ሁሉ ጣቱን ላሰ፤ ነገ ደግሞ ጓደኛውን ይዞ መጣ።

አንድ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«መገናኛ ነኝ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። «ከታክሲ ወርጄ የቆምኩበትን አላውቀውም። ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ና ውሰደኝ።»

ኪዱ ሲደርስ አጎቱ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከባቡሩ ድልድይ ሥር ቆመዋል። ሦስት ጊዜ ሳሙት።

«በደኅና ነው ጋሼ? ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ደኅና አለ። በሌሊት መረብ የሚጥል አለ። እኛ ልጆቻችንን ቆሎ እያበላን የምንጠብቀውን ጫጩት እየጠረገው ነው። ገዢ ባይኖረው ግን አይጥልም ነበር፤ ገዢው ደግሞ እዚህ ነው። እሑድ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ገዢውን ካላገኘሁት ስምምነቱ ፈረሰ። ሁሉም ‹እኔ ብቻ ልራብ እንዴ?› እያለ ነው።» ትከሻውን ጨበጥ አደረጉት። «እኔ ከተማውን አላውቀው። አንተ ትመራኛለህ።»

«እሺ ጋሼ» አለ ኪዱ።

ዓሣ ቤቱ ሲደርሱ እትዬ ማዕዛ ደስ አላቸው። «የኪዱ አጎት! እዚህ ይቀመጡ፣ እዚህ። ኪዱ፣ ለአጎትህ ያንን ዱለትህን!»

«ሽሮ ቢሆን አይሻልም? መንገድ ሆድ ያበላሻል...»

«ለዓሣ አስጋሪ ሽሮ!» ብለው ሳቁበት። «ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደጉት?»

ዱለቱ መጣ። ጋሽ ኤርሳዶ ኮፍያቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጸሎታቸው ረጅም ነበር። ስለ ሐይቁ ጸለዩ፤ መረባቸውን ስላቃጠሉት ቤተሰቦች ጸለዩ፤ «በሰው አገር ቃሉን ስለጠበቀልን ልጃችን አመሰግንሃለሁ» አሉ። ኪዱ አጠገባቸው ቆሞ «አሜን» ማለት ነበረበት። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ።

«እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ ሁለተኛ እየጎረሱ። «ከየት ነው ዓሣው?»

«ከ... ከጣና ነው ጋሼ።»

«ታዲያ የጣና ዓሣ እንዲህ ለስላሳ ነው?» ብለው ሳህኑን በእንጀራ ጠረጉት። እጃቸውን ታጥበው ሲመለሱም «በል እንግዲህ፤ ጫጩት የሚገዛው ማን ይመስልሃል? ሙያህ ነው፤ መቼም ሳትሰማ አትቀርም» አሉት።

ኪዱ አሌክስ የሚባል ሰው ያለውን ሌላ ዓሣ ቤት ጠራ። ለምን አሌክስን እንደጠራ ራሱም አያውቅም። ቦሌ ስለሆነ፣ ቤቱም ስለሚያብረቀርቅ፣ ከሁሉም በላይ አጎቱን ከዚያ ወንበር የሚያስነሳ ስም ስለፈለገ ይሆናል።

የአሌክስ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ምሳ ሰዓት ነበርና ጢም ብሎ ሞልቷል። አንገቱ ላይ ሰንሰለት ያደረገ ወጣት በፈገግታ ተቀበላቸው።

«ባለቤቱ አንተ ነህ?» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

«ነኝ ፋዘር፤ ምን ልታዘዝ?»

«የልጆቻችንን ጉሮሮ መሸጥህን ተው!» ድምፃቸው እስከ ጥግ ተሰማ። «እዚያ ሰው መረቡን አቃጥሎ ጦሙን ያድራል፤ አንተ እዚህ ጫጩት እየቸበቸብክ አንገትህ ላይ ወርቅ ታንጠለጥላለህ!»

የሚበላው ሁሉ እጁ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ልጅ ስልኳን አወጣች። አሌክስ በመጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ የሰውዬውን ዓይን ሲያይ ግን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ማድ ቤቱ ወሰዳቸውና ፍሪዘሩን ከፈተ። ክንድ የሚያህሉ ዓሣዎች ተደርድረዋል።

«ይኸው ፋዘር። ወርቅ ያሉት ደግሞ ቅብ ነው» አለ። «እኔ ቤት ዓሣ የሚጠበሰው ሙሉውን ነው፤ ከነራሱ ከነጅራቱ ሳህን ላይ ይጋደማል። ጫጩት ባቀርብ ደንበኛው በሳህኑ ነው የሚፈነክተኝ።»

ጋሽ ኤርሳዶ ፍሪዘሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮፍያቸውን አውልቀው ወደ አዳራሹ ተመለሱና መሃል ላይ ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ይሄ ልጅ ንጹሕ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በፊታችሁ እንዳዋረድኩት በፊታችሁ ይቅር ይበለኝ» ብለው ልጃቸው ለሚሆን ሰው ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

«ኧረ ፋዘር፣ በፈጣሪ! ቀና ይበሉ!» አሌክስ ደነገጠ። «እርስዎ ምን ያድርጉ። የጠቆመዎት ሰው ነው ጉዱ። ማነው?»

ኪዱ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አጎቱ ወደ እሱ ዞረው አላዩም።

«ማንም አልጠቆመኝም» አሉ። «ከራሴ ነው።»

ጋሽ ኤርሳዶ ሲዋሹ ኪዱ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የዋሹትም ለእሱ ነው። ተከትሏቸው ወጣ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ጥቂት እንደሄዱ ኪዱ ቆመ።

«ጋሼ... እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ገዢው። የበሉት ዱለት... የኛው ሐይቅ ጫጩት ነው።»

አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያቸው አለፈ። ኪዱ ጥፊ ጠበቀ፤ ጥፊ ቢመጣ በወደደ ነበር። ጋሽ ኤርሳዶ ግን መሐረባቸውን አውጥተው አፋቸውን ጠረጉ። ደግመው ጠረጉ።

«ጸልዬ ነው እኮ የበላሁት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ያህል ዝግ ብለው።

«ጋሼ፣ ይቅር...»

«ተወኝ። መጀመሪያ ግባና ለዚያ ልጅ ንገረው። እኔ እንደተናገርኩት፣ ሰው እየሰማ።»

ገብቶ ነገረው። ድምፁ ስለማይወጣ አሌክስ «ምን? ጮክ በል!» አለውና ደገመው። ሰው ሁሉ ሰማ።

«እና አጎትህ ጎንበስ ሲሉ እዚያ በር ላይ ቆመህ ታይ ነበር?» አለ አሌክስ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። «ሂድ ወንድሜ። ለእሳቸው ስል ነው፤ ሂድ ብቻ።»

ውጪ ወጥቶ ወደ እትዬ ማዕዛ ደወለ። «እትዬ፣ ዱለቱን ያቁሙት። ሐይቁ ተዘግቶ ሳለ የተሰረቀ ጫጩት ነው።»

«ምን አልክ? እኔ ጫጩት ግዛ ብዬሃለሁ?»

ጥፋቱን የሚያካፍለው ሰው ፈልጎ ከሆነ፣ አላገኘም። «አላሉኝም» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ኤርሳዶ ወደ መናኸሪያው የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ገብተዋል። ቦርሳቸውን ጎናቸው ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀምጠውታል። ኪዱ አልፏቸው ከኋላ ተቀመጠና ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ «እሑድ ከእርስዎ በፊት እኔ ቆሜ እነግራቸዋለሁ» አለ። ያንን ግቢ፣ ያንን ሁሉ ፊት፣ «አሜን» ያሉትን አፎች ከወዲሁ እያያቸው ነበር።

ታክሲው ተንቀሳቀሰ። ረዳቱ እጁን ዘረጋ። «ሒሳብ! ፋዘር፣ ከኋላ ያለው ልጅ ከእርስዎ ጋር ነው?»

ጋሽ ኤርሳዶ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያዩ ነበር። ረዳቱ ጥያቄውን ሊደግም አፉን ሲከፍት፣ «የምንሄደው አንድ ቤት ነው» አሉ። ዞረው ግን አላዩትም።